ኩኩሪ፦ ዝናው የወታደሩ፣ ሥራው የቀጥቃጩ

በዱባይ፣ በዶሃ ወይም በሪያድ ከኔፓል ሰዎች ጋር የሠራ ሰው ስለ ኩኩሪ ሳይሰማ አይቀርም። ወደ ደቡብ ሱዳን የሚመላለሱ ነጋዴዎቻችንም በተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ኃይል ውስጥ የኔፓል ወታደሮችን አይተዋል። ኩኩሪ የእነዚህ ሰዎች የአገር ቢላዋ ነው። ከገጀራ ያጥራል፣ ከወጥ ቤት ቢላዋ ግን ይከብዳል። ስለቱ ወደ ውስጥ የጎበጠ ስለሆነ ክብደቱ ወደ ጫፉ ያደላል፤ በዚህም የተነሳ በትንሽ ጉልበት እንደ መጥረቢያ ይቆርጣል።

ዛሬ ብዙ ሰው ለእርሻ፣ ለጉዞና ለማገዶ ኩኩሪ መግዛት ይፈልጋል። ሻጩም ዕቃውን ከማሳየቱ በፊት የጦር ታሪክ ያወራል። ታሪኩ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ የሚያውቅ ገዢ በቀላሉ አይታለልም።

የወታደሩ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1814 የእንግሊዝ ኢስት ኢንዲያ ኩባንያ ኔፓልን ወጋ። ዛሬ በሕንድ ዴህራዱን ከተማ አጠገብ በሚገኘው የናላፓኒ ምሽግ ባልባድራ ኩንዋር የሚባል የኔፓል አዛዥ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር የነበሩበትን 600 ገደማ ሰው ይዞ መሸገ። የመጣበት ጦር በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። እንግሊዛዊው ጄኔራል ጊሌስፒ በጥቅምት ወር መጨረሻ ምሽጉን ሲያጠቃ ተገደለ። በኋላ እንግሊዞች የምሽጉን ውኃ ዘጉ፤ ባልባድራም ከተረፉት ጥቂት ሰዎች ጋር ጥሶ ወጣ። እንግሊዞች በቦታው ባቆሙት መታሰቢያ የራሳቸውን ሙታን ብቻ ሳይሆን የጠላታቸውንም ጀግንነት አስመዘገቡ።

ጦርነቱ በ1816 በሱጋውሊ ውል ሲያበቃ ኔፓል ሰፊ መሬት አጣች። እንግሊዞች ግን ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ ከ1815 ጀምሮ፣ የኔፓልን ሰዎች ለራሳቸው ጦር ይመለምሉ ነበር። ጉርካ የሚባሉት ወታደሮች እነዚህ ናቸው። ስማቸው የመጣው የኔፓልን መንግሥት ከመሠረተው ንጉሥ ከፕሪትቪ ናራያን ሻህ ግዛት ከጎርካ ነው። ሕንድ በ1947 ነፃ ስትወጣ ከ10ሩ የጉርካ ክፍለ ጦሮች 6ቱ ለሕንድ፣ 4ቱ ለእንግሊዝ ተከፈሉ። ወታደሩ በሄደበት ሁሉ ኩኩሪውም ከወገቡ አልተለየም፤ የቢላዋው ዝና በዓለም የተሰማው በዚህ መንገድ ነው።

የቀጥቃጩ ታሪክ

ሻጩ የማያወራው ይህንን ነው። ኩኩሪን የሚሠሩት ካሚ ወይም ቢሽዋካርማ የሚባሉ ቀጥቃጮች ናቸው። በ1854 ጃንግ ባሃዱር ራና ባወጣው የአገሪቱ ሕግ ካሚዎች ከማይነኩት ወገን ተመደቡ። ከፍ ያለ የሚባለው ወገን ከእጃቸው ውኃ ተቀብሎ አይጠጣም ነበር። በ1963 የወጣው አዲስ ሕግ ይህን ሥርዓት ከሕግ አወጣው፤ በ2011 ደግሞ በዘር ሐረግ ሰውን ማግለልን የሚቀጣ ሕግ ወጣ። ልማዱ ግን በሕግ ፍጥነት አልጠፋም።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችንም ማረሻውንና ጦሩን የሠራውን ሰው ጠይብ፣ ቡዳ እያሉ መስደብ የቆየ ልማድ ነው። ቤተ እስራኤል በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ እየኖሩ ይህን ስድብ ተሸክመዋል። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፣ ወታደሩም ያለ ጦር አይዘምትም፤ ሆኖም ክብሩ ለሠሪው አልደረሰም።

ብረቱ እንዴት ይሠራል?

በኔፓል ምሥራቅ ያሉት ቦጅፑርና ዳራን በኩኩሪ ሥራ የታወቁ ናቸው። ዛሬ ቀጥቃጩ በብዛት የሚጠቀመው የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ሸክም ተሸክሞ የሚተጣጠፍ ጠንካራ ብረት ስለሆነ ለዚህ ሥራ ይስማማል። ብረቱ በከሰል እሳት ይግላል፣ በመስፍ ላይ በመዶሻ ይቀጠቀጣል፣ ቅርጽም ይይዛል።

ትልቁ ጥበብ ውኃ መስጠቱ ላይ ነው። ቀጥቃጩ የጋለውን ብረት እንዳለ ውኃ ውስጥ አይነክረውም። በማንቆርቆሪያ ውኃ እየቀዳ በስለቱ ላይ ብቻ ያፈስሳል። ስለዚህ ስለቱ ይጠነክራል፤ ጀርባው ግን ለስላሳ ሆኖ ስለሚቀር ሲመታ አይሰበርም። ብረቱ ትንሽ ከቆየ ይቀዘቅዛል፣ ከቸኮለም ይሰነጠቃል፤ የሚለካውም በዓይንና በልምድ ነው። ከእጁ ውኃ አይጠጣም የተባለው ሰው፣ ኩኩሪን ኩኩሪ የሚያደርገው በዚያው እጁ በሚያፈስሰው ውኃ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገዙ

ለሥራ የተሠራው ኩኩሪና ለቱሪስት የተሠራው በአንድ መደብር ጎን ለጎን ይሸጣሉ። በአንበሳ ራስና በናስ ያጌጠው አብዛኛውን ጊዜ ለግድግዳ ነው።

ብረቱን በሞረድ መፈተን ይቻላል። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ሞረዱን በስለቱ ላይ ቀስ አድርጉት፤ ከተንሸራተተ ውኃ በደንብ ተሰጥቶታል፣ ከነከሰ ለስላሳ ነው። ጀርባው ላይ ግን ሊነክስ ይገባል።

ቀጥሎ እጀታውን እዩ። የብረቱ ጭራ እስከ እጀታው ጫፍ ደርሶ በሪቬት የተያዘ ወይም ጫፉ ላይ ወጥቶ የተቀጠቀጠ ከሆነ ለእንጨት ሥራ ይታመናል። ጭራው አጭር ሆኖ በሙጫ ብቻ የተጣበቀ ከሆነ ከጥቂት ምት በኋላ ይነቃነቃል። ለጀማሪ ስለቱ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም ከ500 እስከ 700 ግራም የሆነ ይበቃል። ትልቁ ያምራል፣ ግን ክንድ ያደክማል።

ከዋናው ጋር በአፎቱ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ብረቶች ይኖራሉ። አንደኛዋ ለጥቃቅን ሥራ የምትሆን ካርዳ ናት፤ ሌላዋ ቻክማክ ደግሞ ስለቱን ለማስተካከልና እሳት ለመጫር ታገለግላለች። እጀታው አጠገብ ስላለችው ቅርድ ብዙ ትርጉም ይነገራል፤ የላም ኮቴ ናት የሚል አለ፣ የሺቫ ምልክት ናት የሚልም አለ። ዋጋ ሊያስጨምር ግን አይገባም። «ከአፎቱ ከወጣ ደም ሳያይ አይመለስም» የሚለውም ተረት ነው። የኔፓል ገበሬ በየቀኑ እንጨትና ሽንኩርት ይቆርጥበታል።

ስትመዝዙ አፎቱን በጀርባው በኩል ያዙ። ጣት በስለቱ በኩል ከዞረ፣ ስለቱ ቆዳውን ሰንጥቆ ሊቆርጣችሁ ይችላል። ብረቱ ይዝጋል፤ በጅቡቲና በሞምባሳ የባሕር አየር ውስጥ ደግሞ ፈጥኖ ይዝጋል። ከሥራ በኋላ አድርቃችሁ ዘይት ቀቡት፤ ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ለረጅም ጊዜ በአፎቱ ውስጥ አትተዉት። በአውሮፕላን ስትጓዙ በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ ከመጫናችሁ በፊትም የምትገቡበትን አገር ሕግ ጠይቁ።

በዋጋ ስትከራከሩም ለምኑ እንደምትከፍሉ እወቁ። ስለ ጦርነቱ ወሬ፣ ስለ ናሱና ስለ አንበሳው ራስ እንደ ልባችሁ ቀንሱ። ስለ ውኃ አሰጣጡና ስለ እጀታው አሠራር ግን የሚገባውን ክፈሉ፤ ይህ የቀጥቃጩ ድካም ነው። «ማን ሠራው? የትስ ተሠራ?» ብላችሁም ጠይቁ። የሠሪውን ስምና ቦታ የሚያውቅ ሻጭ፣ ስለ ዕቃውም የሚነግራችሁ ይኖረዋል።