ሩቁንም ቅርቡንም የሚያነሣ ትንሽ ሌንስ

ዱከም ላይ የየረርን ተራራ ፎቶ የሚያነሣ ስልክ በስንዴ ቅጠል ላይ የታየውን ቢጫ ዋግም አጥርቶ እንዲያሳይ ይፈለጋል። የትኩረት ርቀቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ ከተራራው ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ቅርበት ሲዞር 0.26 ሚሊ ሜትር ያህል ወደፊት መውጣት አለበት። በ2 ሴንቲ ሜትር ግን 1.67 ሚሊ ሜትር ያስፈልገዋል፤ ይህም ለስስ ስልክ ብዙ ነው። ስለዚህ ንድፍ አውጪዎች ለቅርቡ የትኩረት ርቀቱ ያጠረ ሌንስ ይመርጣሉ፤ ባለ 2 ሚሊ ሜትሩ በዚያው ቅርበት 0.22 ሚሊ ሜትር ብቻ ይበቃዋል። ለሩቁ ደግሞ ረጅሙን ሌንስ በስልኩ ውስጥ አጋድመው፣ ብርሃኑን በፕሪዝም ያጥፉለታል።

ለግብርና ባለሙያ የሚላክ የቅጠል ፎቶ በቅርቡ ሌንስ ቢነሣ ይመረጣል፤ የደበዘዘ ምስል ዋግን ከሌላ በሽታ ለመለየት አያስችልም።