ለንደንን ዘለን እንሂድ

የፊደል ተራ ባለሥልጣን አያውቅም። የትምህርት ቤት ስም ጥሪን አስታውሱ፤ የደጃዝማቹም ልጅ የዘበኛውም ልጅ ተራው እስኪደርስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ይህን ፍትሐዊነቱን እወድለታለሁ። ስለዚህ ዛሬ ብሪታንያን በገዛ ፊደላችን ተራ፣ ከሀ ጀምረን፣ እግራችን እስከቻለ ድረስ ልንዞራት ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጆቹ ነው።)

የእንግሊዝን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ ብሪታንያ ማለት ለንደን ይመስላቸው ነበር። አይፈረድባቸውም። የሼክስፒር መድረክም የዲከንስ ጭጋግም እዚያው ነው። የዚያ አገር ሰው ድምፁንና እንጀራውን ያገኘበት ታሪክ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ስማቸውን ማንም በማያነሳቸው ቦታዎች ነው።

ሀ ላይ ሄስቲንግስ ትቀድማለች። የኖርማንዲው ዊሊያም በ1066 እንግሊዝን የያዘበት ጦርነት በስሟ ይጠራል። ውጊያው የተካሄደው ግን ከሷ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። የዚያ ቦታ ስም ዛሬ ባጭሩ «ባትል»፣ «ጦርነት» ማለት ነው። ደሙ እዚያ ፈሰሰ፣ ዝናው እዚህ ቀረ። ለ ላይ ለንደን አለች፤ እሷን አውቄ ዘልያታለሁ። ግድ የለም፣ ሳንጠራትም በየደረስንበት ትመጣብናለች።

መ፣ ማንችስተር። በ1819 የጥጥ ፋብሪካ ጭስ ሰማይዋን የሸፈነው ታላቅ ከተማ ነበረች። ፓርላማ ውስጥ ግን በስሟ የሚቀመጥ አንድ ተወካይ እንኳ አልነበራትም። ኦገስት 16 ቀን 60 ሺህ ያህል ሕዝብ በቅዱስ ጴጥሮስ ሜዳ ተሰበሰበ። ብዙዎቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ልጆቻቸውን አስከትለው «ድምፅ ይሰጠን» ሊሉ ነበር የመጡት። ፈረሰኛው ሰይፉን መዝዞ ገባባቸው። 18 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆሰሉ። ከአራት ዓመት በፊት የእንግሊዝ ጦር ናፖሊዮንን ዋተርሉ ላይ ድል አድርጎ ነበርና ሕዝቡ በምሬት ቀልድ ያን ሜዳ «ፒተርሉ» አለው። በገዛ ወገን ላይ የተገኘ ድል መሆኑ ነው።

ረ፣ ሮችዴል። ከማንችስተር ብዙም አትርቅም። በ1844 ክረምት 28 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሸማኔዎችና የእጅ ባለሙያዎች፣ ከኪሳቸው ሳንቲም አዋጥተው አንዲት ሱቅ ከፈቱ። ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ፣ ያ ነው ሸቀጣቸው። በዘመኑ ነጋዴው ዱቄቱ ውስጥ ኖራ መሰል ነገር እየደባለቀ ይሸጥ ስለነበር፣ ያልተበረዘ ዕቃ በትክክለኛ ሚዛን መሸጥ ራሱ አብዮት ነበር። ደንባቸው ደግሞ ከዕቃቸው ይበልጣል፤ ብዙ ያዋጣም ጥቂት ያዋጣም አንድ አባል አንድ ድምፅ። አገራቸው ለፓርላማ እንዲመርጡ ሳትፈቅድላቸው፣ እነሱ በሱቃቸው ውስጥ እኩልነትን ተለማመዱ። ዛሬ የእኛ አገር ገበሬ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ስብሰባ እጁን ሲያወጣ የሚቆጠርለት በዚሁ ደንብ ነው።

ሰ፣ ሳረም፤ አሮጌው ሳረም። እዚህስ ሳቅም ይመጣል። በመካከለኛው ዘመን ምሽግና ካቴድራል ነበራት። ሕዝቡ ወደ አዲሱ ከተማ ወደ ሶልዝበሪ ሲወርድ ባዶ ጉብታ ሆና ቀረች። ጉብታዋ ግን ሁለት የፓርላማ ተወካዮች ነበሯት! መራጮቹ ሌላ ቦታ የሚኖሩ ባለርስቶች ነበሩ፤ መሬቱን የገዛ ወንበሩንም አብሮ ገዛ። በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ትልቁ ዊሊያም ፒት በ1735 ፓርላማ የገባው በዚህች የቤተሰቡ ጉብታ ስም ነው። ማንችስተር ሰው እያላት ድምፅ የላት፤ ሳረም ድምፅ እያላት ሰው የላት።

በ፣ ባዝ። ይቺን እኛ ኢትዮጵያውያን እናውቃታለን። ሮማውያን በፍል ውሃዋ የታጠቡባት ከተማ ናት። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1936 ከመጡ በኋላ እስከ 1940 በስደት የኖሩት እዚያ፣ ፌርፊልድ በተባለው ቤት ነው። ለንደን ሹክሹክታ እንጂ መልስ አልሰጠቻቸውም። በ1938 ጭራሽ የጣሊያንን ይዞታ በሕግ አወቀችለት። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ቂም አልያዙም፤ በ1958 ቤቱን ለከተማው አረጋውያን መጦሪያ እንዲሆን ሰጡ። ዓመቱን፣ 1936ን፣ ያዙልኝ። እንመለስበታለን።

ተ፣ ቶልፑድል። የዶርሰት መንደር ናት። የእርሻ ሠራተኛው የሳምንት ደመወዝ ከአሥር ሽልንግ ወደ ሰባት ወረደ፤ ስድስት ሊሆንም ነው ተባለ። ስድስት ሰዎች ማኅበር መሠረቱ። ማኅበር መመሥረት በዚያን ጊዜ በሕግ አልተከለከለም፤ ስለዚህ ከሳሾቻቸው ለባሕር ኃይል አመፅ የወጣ አሮጌ የመሐላ ሕግ ፈልገው አመጡ። በ1834 ሰባት ሰባት ዓመት ተፈርዶባቸው ወደ አውስትራሊያ ተጋዙ። ሕዝቡ ጮኸ፤ ለንደን ላይ ታላቅ ሰልፍ ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ምሕረት ተደረገላቸው። ሰዎቹ ይሰበሰቡበት ነበር የሚባለው ዛፍ አሁንም መንደሩ ውስጥ ቆሟል።

አ፣ አበርፋን። እዚህ ድምፃችንን ዝቅ እናድርግ። የደቡብ ዌልስ የከሰል ማዕድን መንደር ናት። የማዕድኑ ትራፊ አፈር ከመንደሩ በላይ ተራራው ላይ ይከመር ነበር። ሰባተኛው ክምር ያረፈው ምንጭ ላይ ነው። የአካባቢው ምክር ቤት መሐንዲስ ከ1963 ጀምሮ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ክምር አደጋ ነው ብሎ ጽፏል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ብሎ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ። ኦክቶበር 21 ቀን 1966፣ ልጆቹ ገና ክፍል እንደገቡ ክምሩ ተንዶ ትምህርት ቤቱን ቀበረው። 116 ሕፃናትና 28 አዋቂዎች ሞቱ። መርማሪው ሸንጎ ጥፋቱ የመንግሥት የከሰል ቦርድ ነው አለ። የቀሩት ክምሮች ይነሱ ሲባል ግን፣ ለወጪው 150 ሺህ ፓውንድ የተወሰደው ከሐዘንተኞቹ የእርዳታ ገንዘብ ላይ ነው። ገንዘቡ የተመለሰው በ1997 ነው። ያውም ያለ ወለድ! ሠላሳ ዓመት ገደማ ልጁን የቀበረ ሰው አፈሩን ያስነሳበትን ሒሳብ ሲጠይቅ ኖረ ማለት ነው።

ደ፣ ዳንዊች። በምሥራቅ ዳርቻ የነበረች ታላቅ የወደብ ከተማ ናት። ከ1286 ጀምሮ ማዕበል እየቆራረሰ አብዛኛውን ከተማ ከነአብያተ ክርስቲያኑ ባሕር ውስጥ ከተተው። የቀረው መንደር ቢሆንም ሁለቱ የፓርላማ ወንበሮች ግን አልሰመጡም። ዳንዊችም ሳረምም ወንበራቸውን ያጡት፣ ማንችስተርም ያገኘችው፣ በ1832ቱ የምርጫ ማሻሻያ ሕግ ነው። ከፒተርሉ አሥራ ሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ያኔም ቢሆን ድሃውና ሴቱ አልመረጡም።

ጀ፣ ጃሮው። እግራችን እዚህ ይበቃዋል። በሰሜን ምሥራቅ የመርከብ ሥራ ከተማ ነበረች። የመርከብ ፋብሪካው በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ተዘጋ፤ ሥራ ካለው የሌለው በለጠ። ኦክቶበር 5 ቀን 1936 ሁለት መቶ ወንዶች የከተማዋን አቤቱታ በሣጥን ይዘው ወደ ለንደን በእግራቸው ተነሱ። 450 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው በወሩ መጨረሻ ደረሱ። የፓርላማ ተወካያቸው ኤለን ዊልኪንሰን አብዛኛውን መንገድ አብራቸው ተጓዘች። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስታንሊ ቦልድዊን ግን አላነጋግርም አሉ። አቤቱታው ለፓርላማ ቀረበ፤ ሰዎቹ በባቡር ወደ ቤታቸው ተሸኙ።

እንግዲህ ያን ዓመት አስቡት። በ1936 አንድ ንጉሠ ነገሥት ባዝ ሆነው፣ ሁለት መቶ ሥራ ፈቶች ጃሮው ሆነው፣ የአንዱን መንግሥት ደጅ ይጠኑ ነበር። አንዱ አገሩን የተቀማ፣ ሌላው እንጀራውን። በሩ ለሁለቱም አልተከፈተም። ባለሥልጣን የሩቁን ሰው ላለመስማት ሲፈልግ ዘር አይለይም፤ ለገዛ ወገኑም ያው ነው።

የኛ ሰው «ዳር ሲፈታ መሐል ዳር ይሆናል» ይላል። አባባሉ ስለ ጠረፍና ስለ ጠላት ብቻ አይመስለኝም። በ1945 ምርጫ የቦልድዊን ፓርቲ ከሥልጣን ሲወርድ፣ ያቺ ከጃሮው ሰዎች ጋር የተጓዘች ሴት የትምህርት ሚኒስትር ሆነች። ለተዘጋው ፋብሪካ ዘግይቷል። ለአበርፋን ልጆችም የመሐንዲሱ ደብዳቤ በጊዜው አልተነበበም። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ከሩቅ መንደር ሲመጣ አጭር ነው፤ ቋንቋውም አያምርም፤ ማኅተሙም ትንሽ ነው። ጠረጴዛ ላይ ከታች የሚሆነውም ለዚህ ነው። ለማንኛውም ከገ እስከ ፐ ያሉት ከተሞች ይቆዩን፤ ጠረጴዛ ያላችሁ ግን የታችኛውን ወረቀት አንሡና አንብቡት።