በየቀኑ የሚፈርስ፣ በየቀኑ የሚሠራ

ዲኤንኤን አብዛኞቻችን የተዋወቅነው በሥዕል ነው። የተጠማዘዘ መሰላል፣ አራት ቀለም፣ አራት ፊደል፦ ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ። የባዮሎጂ መጽሐፋችን ላይ ያለው መሰላል ንጹሕ ነው። አንድም ደረጃ አልጎደለበትም፣ አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም። ስለዚህ ዲኤንኤ ሲባል ከእናት ከአባታችን የተረከብነው፣ እንደ ድንጋይ የጸና ጽሑፍ ይመስለናል።

ጉዱን ልንገራችሁ? ይህ ጽሑፍ በየደቂቃው ይረግፋል። በአንድ የሰው ሴል ውስጥ ብቻ በቀን ከ2,000 እስከ 10,000 የሚደርሱ ፊደሎች ከመሰላሉ ላይ ተላቀው ይወድቃሉ። ፀሐይ ሳይመታን፣ ሲጋራ ሳናጨስ፣ ራጅ ሳንነሣ፣ እንዲሁ ቁጭ ባልንበት ማለት ነው። ጥፋተኞቹ ሁለት ናቸው፤ ውሃና ሙቀት። እኛ ደግሞ አብዛኛው አካላችን 37 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ነው።

ታዲያ እንዴት በሕይወት አለን? እየተጠገንን። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ሥራቸው ብልሽት መፈለግና ማስተካከል ብቻ የሆነ ኢንዛይሞች አሉ፤ ሌት ተቀን አያርፉም። እኔን ከመልሱ በላይ የሚማርከኝ ግን መልሱ የተገኘበት መንገድ ነው። የዲኤንኤን ጥገና ካገኙት ሰዎች ብዙዎቹ መጀመሪያ ሲፈልጉ የነበሩት ሌላ ነገር ነው። አንድ የማይገባ ውጤት ገጠማቸው፤ እነሱም አልጣሉትም። ታሪኩ ይኸው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኤቭሊን ዊትኪን እንጀምር። በ1940 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ለጨዋታ ወደ ሚዙሪ ሊሄድ ነበር። ሚዙሪዎች ጥቁር ተጫዋች እንዳይመጣ ጠየቁ፤ ዩኒቨርሲቲውም እሺ ብሎ ሊዮናርድ ቤትስን አስቀረው። ተማሪዎች ተቃወሙ። በ1941 ከተቃውሞው መሪዎች ሰባቱ ከትምህርት ታገዱ፤ ከሰባቱ አንዷ የ20 ዓመቷ ኤቭሊን ነበረች። እገዳው ዕቅዷን ለወጠው፤ ለድኅረ ምረቃ ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሄደች። እዚያም ጄኔቲክስ ያዛት።

በ1944 ክረምት ሎንግ አይላንድ ወደሚገኘው ኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ላብራቶሪ ተላከች። ሥራው ቀላል ይመስላል፦ ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ አልትራቫዮሌት ጨረር እየመቱ ጂኑ ሲለወጥ ማየት። ጨረር ጂን እንደሚለውጥ ሄርማን ሙለር በ1927 የፍራፍሬ ዝንቦችን ራጅ እያነሣ አሳይቷል። ኤቭሊን ባክቴሪያዎቹን ሳህን ላይ ዘርታ በጨረሩ መታቻቸው። መጠኑ ከባድ ነበርና በማግስቱ ሁሉም አልቀዋል። አንድ ሳህን ላይ ግን አራት ኮሎኒዎች በቅለዋል።

አራት። ሌላ ሰው ቢሆን ጨረሩ በዛ ብሎ ሳህኑን አጥቦ፣ መጠኑን ቀንሶ እንደገና ይጀምር ነበር። እሷ ግን ጠየቀች፦ እነዚህ ለምን አልሞቱም? አራቱን ለይታ አሳደገቻቸው፤ እንደገና በጨረር መታቻቸው። አሁንም ቻሉት። ልጆቻቸውም ቻሉት። ሙለር ጨረር ጂንን እንደሚጎዳ አሳይቶ ነበር፤ ኤቭሊን ደግሞ ጨረርን መቋቋም ራሱ በጂን የሚወረስ መሆኑን አሳየች። ሴል ዝም ብሎ አይመታም፤ መልስ ይሰጣል ማለት ነው። ሙሉው መልስ እስኪገባት ግን 30 ዓመት ያህል ፈጀባት።

እዚያው ላብራቶሪ፣ በ1948፣ አልበርት ኬልነር የሚባል ሰው በአንድ ነገር ተቸግሯል። የሚሠራው ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት በሚገኝበት ባክቴሪያ ላይ ነው። በጨረር የተመቱት በተለያየ ሙቀት ቢቀመጡ ያገግሙ እንደሆነ ሊያይ ፈለገ። ውጤቱ ግን አልያዝ አለው። በአንድ ዓይነት ሙቀት የተቀመጡ ሁለት ብልቃጦች፤ ከአንዱ ብዙ ይተርፋል፣ ከሌላው ምንም። ሙቀቱን አጣራ፣ ደህና ነው። ከዚያ ዙሪያውን ተመለከተ። ብልቃጦቹ የተቀመጡበት የሞቀ ውሃ ገንዳ መስተዋት ነው፤ ያለውም መስኮት አጠገብ ነው።

ብርሃን! ተራ፣ የሚታይ የቀን ብርሃን። ኬልነር ሆን ብሎ ብርሃን ሲያበራባቸው በሕይወት የሚተርፉት በመቶ ሺዎች እጥፍ ጨመሩ። አንዱ ብርሃን የገደለውን ሌላው ብርሃን ያስነሣል። ቆይቶ በ1958 ክላውድ ሩፐርት ይህን የሚሠራ ኢንዛይም እንዳለ በብልቃጥ ውስጥ አሳየ። ኢንዛይሙ ከብርሃን ጉልበት ወስዶ የተበላሸውን ያስተካክላል።

ዋትሰንና ክሪክ የመሰላሉን ቅርጽ ያወጡት በ1953 ነው። ኬልነር ያየው ከዚያ አምስት ዓመት ቀድሞ ነው። የጥገና ምልክቱ ከመሰላሉ ሥዕል በፊት መጣ፤ ግን የሚሰካበት ቦታ አልነበረውም። ፍራንሲስ ክሪክ ራሱ በ1974 ወደ ኋላ ተመልክቶ ሲጽፍ፣ የጥገናን ነገር ጨርሶ እንዳላሰቡት አምኗል።

እዚህ ላይ ጨረሩ የሚያደርገውን ልንገራችሁ። መሰላሉ ላይ ሁለት ቲዎች ጎን ለጎን ካሉ፣ አልትራቫዮሌት እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ያኔ ዲኤንኤውን የሚገለብጠው ኢንዛይም እዚያ ሲደርስ ይደናቀፋል። ተማሪ ሳለሁ ዲኤንኤ ከጄል ላይ ቆርጠን ስናወጣ ይህ ነገር በየሳምንቱ ይገጥመን ነበር። ዲኤንኤው የሚታየው በአልትራቫዮሌት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ደምቆ ያበራል፣ ያምራልም። ግን የፊት መከለያ አድርገህ ቶሎ ቆርጠህ ማውጣት አለብህ። በቆየህ ቁጥር እንድታየው የሚረዳህ ብርሃን የምታየውን ነገር እያበላሸው ነው። ብልቃጥ ውስጥ ያለ ዲኤንኤ ደግሞ ጠጋኝ የለውም።

ባክቴሪያው ግን አለው፤ በጨለማም ቢሆን። ይህን በ1964 ያሳየው የነሪቻርድ ሴትሎው ሙከራ፣ የቤታችንን ማጀት ስለሚያስታውሰኝ እወደዋለሁ። ባክቴሪያዎቹን ራዲዮአክቲቭ የሆነ ቲ መገቧቸው፤ ቲ የሄደበት ሁሉ ምልክት ይሰጣል። ከዚያ በጨረር መቷቸው፤ ጨለማ ውስጥም አቆዩአቸው። በመጨረሻ ሴሎቹን ፈጭተው አሲድ ጨመሩበት። አሬራ ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ እንደሚለይ ሁሉ፣ ረጅሙ ዲኤንኤ በአሲድ ይረጋል፤ ትንንሽ ቁርጥራጭ ግን ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። ጨረሩ እንደመታቸው ወዲያው ሲለካ የተጣበቁት ቲዎች ያሉት አይቡ ውስጥ ነው። ከቆይታ በኋላ ሲለካ ግን አጓቱ ውስጥ ተገኙ። አንድ ነገር ቆርጦ አውጥቷቸዋል! ጨረር ቶሎ በሚገድላቸው ባክቴሪያዎች ላይ ሲሞከር ደግሞ የተጣበቁት ከአይቡ አልወጡም። በዚያው ዓመት ሃዋርድ-ፍላንደርስ የል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህንኑ አገኘ፤ ሃናዋልት ደግሞ ስታንፎርድ ውስጥ የተቆረጠው ቦታ በአዲስ ፊደል እንደሚሞላ አሳየ።

የቁም ጸሐፊ ሥራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ብራና ላይ ስሕተት ሲገኝ ብራናው አይጣልም። ጸሐፊው የተሳሳተውን በቢላ ይፍቀዋል፣ ሌላውን ቅጂ እያየ ትክክለኛውን ይጽፍበታል። ሴልም እንዲሁ ያደርጋል፤ የሚያየው ቅጂ ደግሞ ከፊት ለፊቱ ያለው የመሰላሉ ሌላ ጎን ነው። መሰላሉ ሁለት ጎን ያለው መሆኑ ጥቅሙ እዚህ ጋ ይገባናል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይነግረዋል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ የባክቴሪያ ጉዳይ ነው። የሰው ጉዳይ የሆነው በጋዜጣ ምክንያት ነው። ጄምስ ክሊቨር ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የዲኤንኤን ጥገና ሲያጠና፣ ዜሮደርማ ፒግሜንቶሰም ስለሚባል በሽታ ጋዜጣ ላይ አነበበ። በሽታውን ሞሪትዝ ካፖሲ ቪየና ውስጥ የገለጸው በ1870ዎቹ ነው። ይህ በሽታ ያለባቸው ልጆች ትንሽ ፀሐይ ቆዳቸውን ያቃጥለዋል፤ ገና በልጅነታቸው የቆዳ ካንሰር ያገኛቸዋል። መስኮት ተጋርዶባቸው፣ ጀምበር ስትጠልቅ ብቻ እየወጡ ያድጋሉ። ለመቶ ዓመት ያህል ለምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ክሊቨር ከሕመምተኞች ቆዳ የተወሰዱ ሴሎችን አገኘ፤ በጨረር መታቸው፤ ራዲዮአክቲቭ ፊደል ሰጣቸው። ከዚያ ፎቶ ፊልም የሚሠራበትን ዓይነት ቅብ ቀባባቸው። ጥገና ያለበት ቦታ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። የጤነኛ ሰው ሴል በነጠብጣብ ተሞላ። የሕመምተኞቹ ሴል ግን ባዶ ሊባል ምንም አልቀረው። በ1968 ውጤቱን አሳተመ፦ እነዚህ ልጆች የጎደላቸው ፍቆ የሚጽፈው ጸሐፊ ነው። ፀሐይ ሁላችንንም ትመታለች፤ ልዩነቱ ማታ ቤታችን የሚጠብቀን ጠጋኝ መኖሩ ላይ ነው።

ፀሐይ በሌለችበትስ? ስዊድናዊው ቶማስ ሊንዳል በ1960ዎቹ መጨረሻ ፕሪንስተን ውስጥ ከአርኤንኤ ጋር ይሠራ ነበር። አርኤንኤ ሲሞቅ ቶሎ እየተሰባበረ አስቸገረው። እሱም፣ አርኤንኤ ይህን ያህል ደካማ ከሆነ ዘመዱ ዲኤንኤ በእርግጥ የሚባለውን ያህል ጠንካራ ነው? ብሎ ጠየቀ። ስዊድን ተመልሶ ዲኤንኤን በብልቃጥ እያቆየ ለካ፤ መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁ የሚረግፉ ፊደሎች ቁጥር የመጣው በ1972 ካሳተመው ጥናት ነው። ሌላም ብልሽት አለ፤ ሲ የተባለው ፊደል በራሱ ጊዜ ዩ ወደሚባል፣ ዲኤንኤ ውስጥ ቦታው ወዳልሆነ ፊደል ይለወጣል። ሊንዳል ‘በዚህ ፍጥነት እየፈረሰ ሕይወት ሊኖር አይችልም፤ ስለዚህ የሚጠግን ነገር መኖር አለበት’ ብሎ ፈለገ። በ1974 ዩን ለይቶ የሚነቅለውን ኢንዛይም አገኘ።

በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለዲኤንኤ ጥገና ተሰጠ። ሊንዳል አንዱ ነው። ሁለተኛው ሴል ራሱን ሲገለብጥ የሚሳሳተውን የሚያርመውን ሥርዓት የመረመረው ፖል ሞድሪች ነው። ሦስተኛው አዚዝ ሳንጃር፣ ሳቩር ከምትባል የደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ከተማ የመጣ ሐኪም ነው። ሩፐርት ዘንድ ተምሮ የብርሃኑን ኢንዛይም ጂን ለይቶ አወጣ፤ ከዚያ ለምርምር ሥራ ሦስት ቦታ አመልክቶ ሦስቱም አልተቀበሉትም። የል ውስጥ በላብራቶሪ ቴክኒሺያንነት ተቀጠረ። በ1983 ባክቴሪያው የተበላሸውን እንዴት እንደሚቆርጥ በትክክል አሳየ፤ ከብልሽቱ ግራና ቀኝ ይቆርጣል፣ 12 ወይም 13 ፊደል ይዞ ይወጣል። ኤቭሊን ዊትኪን ግን ከኖቤሉ ውስጥ የለችም፤ በዚያው ዓመት፣ በ94 ዓመቷ፣ የላስከርን ሽልማት አግኝታለች። ያረፈችው በ2023፣ በ102 ዓመቷ ነው። በእኔ አስተያየት የዚህ ታሪክ መጀመሪያ የእሷ አራት ኮሎኒዎች ናቸው።

ኖቤሉ በተነገረበት በዚያው ሳምንት፣ ጥቅምት 2015፣ ከእኛ አገር ጋር የተያያዘ ዜና ወጣ። ጋሞ ደጋ ላይ ካለው የሞጣ ዋሻ በ2012 የተገኘ፣ ከ4,500 ዓመት በፊት የኖረ ሰው ሙሉ ጂኖም ተነበበ። ከአፍሪካ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ የሰው ጂኖም ነው። ባይራ ብለውታል፤ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው። ሁለቱ ዜናዎች አንድ ታሪክ መሆናቸውን ያስተዋለ ብዙ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ሰው ሲሞት ጠጋኞቹ ያቆማሉ፤ መፍረሱ ግን አይቆምም። ሙቀት ያፈጥነዋል። በ1974 ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፤ ያ ሁሉ ዘመን ከአፋር ሙቀት ጋር ተደምሮ፣ ዲኤንኤዋን የማንበብ ተስፋ የለም። ባይራ ግን ቀዝቀዝ ባለ ደጋ ዋሻ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ከውስጥ ጆሮው ዙሪያ ካለው ጠንካራ አጥንት የሚነበብ ዲኤንኤ ተገኘ።

ታዲያ አንድ ቁራጭ ዲኤንኤ የጥንቱ ሰው እንጂ አጥንቱን የነካው ተመራማሪ አለመሆኑ እንዴት ይታወቃል? በብልሽቱ። በጥንታዊ ዲኤንኤ ቁርጥራጮች ጫፍ ላይ ያለው ሲ ወደ ዩ ተለውጦ ይገኛል፤ የትናንት ዲኤንኤ ላይ ይህ ምልክት የለም። አንዳንድ ላብራቶሪዎች ምልክቱን ካዩ በኋላ ንባቡ እንዳይዛባ ዩዎቹን ነቅለው ያወጣሉ። የሚነቅሉበት መሣሪያ ሊንዳል በ1974 ያገኘው ያው ኢንዛይም ነው። በሕይወት ሳለን ቀን ከሌት ሲጠግነን የኖረው ሠራተኛ፣ ጥገናው ከቆመ ከሺህ ዓመታት በኋላም እንዲነበብ ለማድረግ ተቀጥሯል።