ከግርጌው የጠፋ ስም

በዛሬው የታሪክ ማስታወሻ ከአርባ ምንጭ ተነሥተን የጋሞን ደጋ እንወጣለን፤ ከዚያም ወደ ጣና፣ ወደ ጎንደርና ወደ ሐረር እንዘልቃለን። የምናነሣው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊን ሕይወት ነው። ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ የኖረ ሙያ ነው። እጁ ሳይቋረጥ ዘልቋል፤ የባለ እጁ ስም ግን በአብዛኛው የለም።

ለጋሞ ሰው ስለ አባት ሙያ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ዶርዜ ላይ ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል፤ ልጁ በአባቱ የሽመና ጉድጓድ አጠገብ ድርና ማጉን እየለየ ያድጋል። ከደጋው ወርደው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የከተሙት ሸማኔዎችም ከአገራቸው ይዘው የሄዱት ዋና ሀብት ይኸው የእጅ እውቀት ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሥዕልንም ከዚህ ብንጀምር አንሳሳትም፤ ምክንያቱም ሥዕሉ የሚያርፈው ጨርቅ ላይ ነው።

ብዙዎቻችን ሥዕሉ በቀጥታ ግድግዳው ላይ የተሣለ ይመስለናል። በጣናና በጎንደር ባሉ በርካታ አብያተ ክርስቲያናት ግን ከቀለሙ ሥር የጥጥ ጨርቅ አለ። መቅደሱ በጭቃና በጭድ ይመረጋል፣ ይለሰናል። ጨርቁ በሙጫ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፤ ላዩ ላይ ነጭ ይቀባና እስኪደርቅ ይጠበቃል። ከዚያ ሠዓሊው ከሰሉን ይዞ ይነሣል። መጀመሪያ የሰዎቹን ቁመትና አቀማመጥ ያወጣል፤ ቀጥሎ ቀለሙ ይሞላል፤ በመጨረሻም የልብሱ እጥፋት፣ የጣቱ ቅርጽ፣ የቅንድቡ ቅስት በጥቁር መስመር ይወጣል። ሠዓሊን ከሠዓሊ የሚለየው ያ ጥቁር መስመር ነው። ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ስም ባይጻፍም እንኳ በመስመሩ ብቻ ይህ የእገሌ እጅ ነው ይላሉ።

ልጁ ወይም ደቀ መዝሙሩ የሚጀምረው ከታች ነው። ቀይ አፈር ይወቅጣል፣ ይነፋል፣ ድንጋይ ላይ በውሃ እያራሰ ይፈጫል። ሙጫ ያፈላል፤ ሙጫው ከቀጠነ ቀለሙ ይረግፋል፣ ከወፈረ ይሰነጠቃል፤ ልኩን የሚያውቀው እጁ እስኪለምድ ሲያበላሽ ከርሞ ነው። ቀጥሎ ሐረግና ጥለት እንዲሞላ ይፈቀድለታል። ከዓመታት በኋላ ልብስ ይቀባል። ፊትና ዐይን የመምህሩ ድርሻ ነው። አባት ብሩሹን ለልጁ አሳልፎ ፊት እንዲሠራ የፈቀደለት ዕለት ያ ልጅ ሠዓሊ ሆነ ማለት ነው።

ሥርዓቱም ከሙጫው ባልተናነሰ ጥብቅ ነው። በምዕራብ በኩል በመቅደሱ በር ግራና ቀኝ ሰይፍ የመዘዙ ሊቃነ መላእክት ይቆማሉ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ስትሣል ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ከእሷ አይርቅም። ቅዱሳን ሁለት ዐይናቸው እንዲታይ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ሰይጣን፣ ገራፊና ከሐዲ ግን በጎን ይሣላሉ፣ አንድ ዐይናቸው ብቻ ይታያል። ማንበብ የማይችል ምእመን በር ላይ ቆሞ ማን ከማን ወገን እንደሆነ በዐይኖቹ ቁጥር ይለያል። ሥዕሉን ያሠራው ሰው ደግሞ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ ይታያል። እቴጌ ምንትዋብ በጣና ናርጋ ሥላሴ እንዲህ ሆነው ተሥለዋል። እንግዲህ ያሠራው ሰው አለ፣ ስሙም አለ። የሣለው ሰው ግን የለም።

ወደ ጋሞ እንመለስ። ክርስትና እዚህ የቅርብ እንግዳ አይደለም። የብርብር ማርያም ቤተ ክርስቲያንና ጥንታዊ የብራና መጻሕፍቷ ለዚህ ምስክር ናቸው። ከ16ኛው መቶ ዘመን ጦርነቶች በኋላ የጋሞ ክርስቲያኖች ከሰሜኑ የቤተ ክርስቲያን ማእከል ተቆርጠው ብዙ ትውልድ ኖረዋል። ካህን በጠፋበት፣ መጽሐፍ በሳሳበት ዘመን መስቀልን ሲያከብሩና ጾም ሲቆጥሩ ቆዩ። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ዳን ስፐርበር በዶርዜ ተቀምጦ ባጠናበት ጊዜ የሰማውን ጽፏል፤ ለዶርዜ ሰው ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ነው። ጻድቁ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል፣ ሰውነታቸውን ፀጉር ሸፍኖታል፣ በግራና በቀኛቸው አንበሶችና ነብሮች ተኝተዋል። ነብር እንደሚጾም ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ ሥዕል ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የዐፄ ምኒልክ ጦር ደጋውን ከያዘ በኋላ ጨንቻ የአስተዳደር ከተማ ሆነች፤ ካህናት ከሰሜን መጡ፣ አዳዲስ ታቦታት ገቡ፣ ካህናቱን ተከትሎ ሥዕሉም መጣ። ያ ዘመን ለአካባቢው ሰው መሬት የተነጠቀበትና ገባር የሆነበት ዘመን እንደነበረ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ከሥዕሉ ግርጌ የተደፋው አሠሪ ማን እንደሆነና ገንዘቡ ከየት እንደመጣ መጠየቅም የታሪክ ሥራ ነው።

አሁን ስማቸው ወደቀረልን ጥቂቶች እንለፍ። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም እመቤታችን ከልጇና ከመላእክት ጋር የተሣለችበት ትልቅ የእንጨት ገበታ አለ። ሥራው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ማለትም በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የተሠራ ነው። ላዩ ላይ ባለው ጽሑፍ የንጉሡ ስም አለ፣ የገዳሙ አበምኔት ይስሐቅ ስም አለ፣ የሣለውም ሰው ስም አለ፤ ፍሬ ጽዮን። ንጉሡ የእመቤታችን ክብር በመላው አገሪቱ እንዲጸና ያደርጉ የነበሩበት ጊዜ ስለነበር ሠዓሊም ይፈለግ ነበር። በአንድ ገበታ ላይ በተጻፈ አንድ ስም ምክንያት የዛሬ ተመራማሪዎች ሌሎች ስም የሌላቸውን ሥዕሎች ከእሱ ጋር እያስተያዩ ይህ የፍሬ ጽዮን እጅ ነው፣ ይህ ከእሱ የተማረ ሰው እጅ ነው ለማለት በቁ። አንድ ስም የአንድ ሙሉ ትውልድን ሥራ አወጣ።

አሁን የምነግራችሁ ያሳዝናል። በጎንደር የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የመቅደስ ግድግዳ በሥዕል የተሸፈነ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ከዳካር ተነሥቶ አፍሪካን ሲያቋርጥ ጎንደር ደረሰ። ቡድኑ ሥዕሎቹን ከነጨርቃቸው ከግድግዳው ላይ ላጣቸው። በምትካቸው የቡድኑ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ በሣላቸው ቅጂዎች ግድግዳው ተሸፈነ፤ ዋናዎቹ ወደ ፓሪስ ሄዱ። ዛሬ ያሉት በኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። ጨርቅ ላይ የተሣለ ሥዕል እንዲህ ተጠቅልሎ ሊሄድ ይችላል። ጨርቁን የወጠረው ልጅና ፊቱን የሣለው አባት በሙዚየሙ መግለጫ ላይ በስም አይጠሩም፤ ያመጡት ሰዎች ግን ይታወቃሉ። አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት፤ ቅጂ ተትቶ ዋናው መወሰዱ ፍትሕ አልነበረም፣ አይደለምም።

ከዚህ ቀጥለን ስማቸው ወደቀረልን አባትና ልጅ፣ ወደ ሐረር እንሂድ። በሐረር ይኖሩ የነበሩት አለቃ ደስታ ነጎ ካህን፣ የብራና ጸሐፊና ሠዓሊ ነበሩ። በ1925 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ስሙ ገብረ ክርስቶስ። እናቱ በሕፃንነቱ ሞቱበት። ልጁ መጀመሪያ ብሩሽ ሲያዝ ያየው በአባቱ እጅ ነው፤ የሥዕልን ሀሁ የቆጠረውም ከእሳቸው ነው። ከዚያ አዲስ አበባ ገባ፣ ለግብርና ትምህርት ተመድቦ ተወው፣ ጀርመን ኮሎኝ ሄዶ ሥዕል አጠና። ሲመለስ ይዞት የመጣው አሣሣል አገሩ ያላየችው ነበር፤ ብዙዎችን አስደነገጠ፣ አንዳንዶችንም አስቆጣ። ነገር ግን በፈረንጆች 1963 ከሣላቸው ሥራዎች አንዱ ስሙ ጎልጎታ ነው። ስቅለት! አባቱና የአባቱ ቢጤዎች በየመቅደሱ ሲሥሉት የኖሩትን እሱም ሣለው፣ በራሱ መስመርና በራሱ ቀለም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከባህሉ ሸሸ የሚሉ ይህን ሥዕል ቆመው ቢያዩት እወዳለሁ። በ1973 ዓ.ም. በስደት አሜሪካ አረፈ። ጀርመን አገር የቀሩት ብዙ ሥዕሎቹ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ በተሰየመው የሥነ ጥበብ ማእከል ይገኛሉ።

ገብረ ክርስቶስ ያስተማረበትን የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያቋቋሙት አለ ፈለገ ሰላምም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ የወጡ ናቸው። እሳቸው የተማሩት አሜሪካ ቺካጎ ነው። በ1950 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱን ሲከፍቱ በአባት ጓዳ ይሰጥ የነበረው ትምህርት ወደ ክፍል ገባ፤ አባቱ ሠዓሊ ያልሆነ ልጅ ከሐረርም ይምጣ ከጋሞ ጎፋ ብሩሽ የሚይዝበት በር ተከፈተ። የዛሬ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ሁለት ዓይነት መሆናቸው ከዚህ ይመጣል። አንዱ በቤተሰብና በመምህር ሥር ያደገ ነው፤ ሌላው ትምህርት ቤት ገብቶ ጥላና ብርሃን፣ ርቀትና ቅርበት ተምሮ ወደ መቅደሱ የመጣ ነው። ፊት ላይ ጥላ የጣለ፣ ደመናውን በርቀት ያሳየ የዛሬ ሥዕል ካያችሁ ብዙ ጊዜ የሁለተኛው እጅ ነው።

ለሠዓሊው ሌላው መንገድ ገበያ ነበር። የጎጃም ቢቸና ተወላጁ ቄስ አዳሙ ተስፋው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው፣ ቅስና ተቀብለው አዲስ አበባ መጡ፤ በጨርቅ ላይ የሣሏቸው ሥዕሎች በየሱቁ ተሸጡ፣ ውጭ አገርም ተሻገሩ። በፈረንጆች 2005 ሎስ አንጀለስ የሚገኘው የፋውለር ሙዚየም ሕይወታቸውንና ሥራቸውን ብቻ የያዘ ዐውደ ርእይ አሳየ። መቅደስ የሚሥል ካህን በስሙና በታሪኩ እንዲህ ሲቀርብ ማየት ከፍሬ ጽዮን ወዲህ ያልተለመደ ነገር ነው።

አርባ ምንጭ ራሷ የቅርብ ጊዜ ከተማ ናት፤ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነት ከጨንቻ ወደ እሷ የዞረው በ1950ዎቹ ነው። በከተማዋ ክፍሎች በሲቀላም በሴቻም ያሉት ቤተ ክርስቲያናት በብሎኬትና በሲሚንቶ የቆሙ ናቸው። የቆላው ሙቀትና የሐይቆቹ እርጥበት ለቀለም አይራራም፤ ሲሚንቶው ሲያልብ ሥዕሉ ከታች ጀምሮ ይላጣል፣ ሠዓሊውም በጥቂት ዓመታት ተመልሶ ይጠራል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ከውጭ አገር የታተመ ሥዕል ተገዝቶ ይሰቀላል፤ ርካሽ ነው፣ ቶሎም ይደርሳል። ያረጀውን ጨርቅ አውልቆ መጣል፣ ወይም በላዩ ዘይት ቀለም መቀባትም ተለምዷል። ያ ጨርቅ የማን አባት እንደወጠረው፣ ማን እንደፈጨለት የሚያውቅ ሽማግሌ በአጥቢያው ካለ ከመጣሉ በፊት ይጠየቅ።

አዲስ ነገርም አለ። ዛሬ በተሣሉ ሥዕሎች ግርጌ ያሠራው ቤተሰብ ስም ተዘርዝሮ ይነበባል፤ በአንዳንዶቹ ላይ ግን ከእሱ ዝቅ ብሎ የሠዓሊው ስምና ስልክ ቁጥር አለ። መቅደስ ውስጥ ስልክ ቁጥር ይጻፋል ወይ ብለው የሚቆጡ አባቶችን ሰምቻለሁ፤ ቁጣቸው ይገባኛል። እኔ ግን ስልኩ ቢቀር ስሙ እንዲቀር አልፈልግም።