«አት» የተቆረጠች ቀን፦ ስለ ረዥም ርቀት ዒላማ ሜዳና ስለ መገናኛ ሬዲዮ

ይህችን ጽሑፍ እንድጭር ያነሳሳኝ አንዲት ቃል ናት። በትክክል ለመናገር፣ ሳትሰማ የቀረች አንዲት ቃል።

አገር ቤት ሳለሁ እንጀራዬ የመገናኛ ሬዲዮ ጥገና ነበር። እዚህ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ በሌላ ሙያ ብተዳደርም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ የዒላማ ተኳሾች ማኅበር ጋር እውላለሁ። ሜዳችን 1,000 ያርድ ነው፤ 914 ሜትር መሆኑ ነው። በአንደኛው ጫፍ ተኳሾቹ ይተኛሉ። በሌላኛው ጫፍ፣ ከአፈር ግድብ ጀርባ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ፣ ዒላማውን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉና ጥይቱ የበሳበትን ምልክት የሚያሳዩ ሰዎች አሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት ከተበላሸ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ነው። «አንተ የሬዲዮ ሰው አይደለህም ወይ? ምረጥልን» ሲሉኝ በኩራት ተቀበልኩ። ርካሾቹን መረጥኩ። ለአንድ ኪሎ ሜትር ምን ያንሳቸዋል ብዬ።

አንድ ቀን የዒላማው እንጨት ተሰበረና አንድ ወጣት ሊጠግን ከጉድጓዱ ለመውጣት ተዘጋጀ። በሬዲዮው «ኖት ክሊር» አለ። ተኳሾቹ ዘንድ የደረሰው «ክሊር» ብቻ ነበር። አንዱ ጥይት አጉርሶ ጠብመንጃውን ቆለፈ። ያተረፈን የመስመሩ ኃላፊ ነው፤ በመነጽሩ ሲያይ ከግድቡ ላይ ቀይዋ ባንዲራ አልወረደችም። ጮኸ፣ ሁሉም ቆመ። የሞተም የቆሰለም የለም። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም፤ ሬዲዮውን የመረጥኩትም ያስተካከልኩትም እኔ ነበርኩና።

የነገሩን ሥር ስፈልግ ወደ ታሪክ ገባሁ። እንደሚታወቀው የረዥም ርቀት ዒላማ ተኩስ እንደ ስፖርት የተደራጀው በእንግሊዞች ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 በዊምብልደን የመጀመሪያውን ውድድር በመተኮስ የከፈተችው ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። ጠብመንጃው አስቀድሞ በማስደገፊያ ላይ ታልሞ ስለነበር የእሷ ድርሻ ምላጩን መሳብ ብቻ ነበር። (ንግሥት እንዴት ትስታለች?) አሜሪካኖቹ ተከትለው በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ የክሪድሙርን ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1873 ከፈቱ።

በማግሥቱ ዓመት፣ መስከረም 1874፣ የአየርላንድና የአሜሪካ ቡድኖች እዚያ ተገናኙ። ከየወገኑ ስድስት ሰው፣ በ800፣ በ900 እና በ1,000 ያርድ። አሜሪካ 934 ለ931 አሸነፈች። ልዩነቱ ሦስት ነጥብ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ከአየርላንዶቹ አንዱ፣ ሚልነር የተባለው፣ አልሞ ተኩሶ መሐሉን መትቶ ነበር፤ የመታው ግን የራሱን ዒላማ ሳይሆን የጎረቤቱን ነው። መሐል መምታት አራት ነጥብ ያሰጥ ነበር፤ እሱ ግን ዜሮ ተጻፈለት። ሂሳቡን ለአንባቢ እተዋለሁ። በዚያ ዘመን ቤል የስልኩን የፈጠራ መብት ለማግኘት ገና ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር። በሜዳው ላይ የነበረው ቋንቋ ምልክት ነው፤ በዘንግ ላይ የተሰካ ክብ ሰሌዳና ባንዲራ። በኋላም በአሜሪካ ሜዳዎች የሳተ ተኳሽ ከጉድጓዱ ቀይ ባንዲራ ይውለበለብበት ነበር፤ ወታደሮቹ «የማጊ የውስጥ ሱሪ» ብለው ሰይመውታል። ውርደቱ ለሁሉም እንዲታይ ነው። ቆይቶ ባለ ሽቦ የሜዳ ስልክ መጣና ጉድጓዱና መስመሩ በድምፅ ተገናኙ። ሽቦ አንድ ጥሩ ጠባይ አለው፤ ሌላ ሰው አይገባበትም።

ሽቦውን የበጠሰው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በኋላ ሞቶሮላ የተባለው የጋልቪን ኩባንያ ሁለት ሬዲዮ ለአሜሪካ ጦር ሠራ። አንደኛው በእጅ የሚያዝ፣ ሁለት ኪሎ ከምናምን የሚመዝን ነው። ሁለተኛው፣ ዎኪቶኪ የተባለው፣ በጀርባ የሚታዘል ሆኖ ከ15 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ የሚሠራውም በኤፍ.ኤም. ነው። ነፍሱን ይማረውና አባቴ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቶ እንዲህ ያለውን ሸክም ተሸክሟል። ልጅ ሆኜ በእንጨት ሬዲዮ ስጫወት «ቁልፉን ተጫን፣ ተንፍስ፣ ከዚያ ተናገር» ይለኝ ነበር። የሽማግሌ ወግ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ትልቁ ምስጢር እሱ ኖሯል።

ቁልፉን እየተጫነ የሚናገር ሰው የመጀመሪያ ቃሉን ይበላዋል፤ ማሰራጫው ገና አልተነሳምና። ተቀባዩም የራሱ ስንፍና አለው። ባትሪ ለመቆጠብ ያንቀላፋል፤ ሲነቃ ጊዜ ይወስዳል። በዚያ ላይ ሻጮቹ «የምስጢር ኮድ» የሚሉት ነገር አለ። በድምፃችን ሥር የማይሰማ ቃና ይላካል፤ ተቀባዩ ያንን ቃና እስኪለይ ድረስ አፉን አይከፍትም። እኔው ነበርኩ ጥፋተኛው። ሰፈር ውስጥ የሚጫወቱ ልጆች ወሬ እንዳይረብሸን ብዬ ኮዱን ያበራሁት እኔ ነኝ፤ ባትሪ ቆጣቢውንም እንዲሁ። ሦስቱ መዘግየቶች ተደምረው «ኖት»ን ዋጧት።

ኮዱ ምስጢር ይጠብቃል ማለትም ውሸት ነው። የሌላውን ድምፅ ለእኔ ይዘጋል እንጂ የእኔን ለሌላው አይዘጋም። አየር ላይ የወጣ ቃል የሁሉም ነው። ይህን እኛ ኢትዮጵያውያን በመራራ ዋጋ ተምረነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ከማይጨው ጦርነት በፊት ጣሊያኖች የእኛን የሬዲዮ መልእክት እየጠለፉ ያነቡ ነበር።

በእኛ ቋንቋማ ነገሩ ይብሳል። እንግሊዝኛው አሉታውን ለብቻው ቃል አድርጎ ያስቀድማል፤ አማርኛ ግን በግሡ ራስ ላይ ይለጥፈዋል። «አትተኩሱ» ከሚለው «አት» ብትቆረጥ የሚቀረው «ተኩሱ» ነው። «አትውጣ»ም «ውጣ» ይሆናል። በሬዲዮ አማርኛ የሚነጋገር ሁሉ፣ ጠባቂም ሆነ የታክሲ አስተባባሪ፣ ይህን ቢያስብበት እወዳለሁ። የአሜሪካ መድፈኞች በበኩላቸው ያልተሰማ ቃል ለማስደገም «ሪፒት» ማለት ክልክል ነው፤ በእነሱ ዘንድ «ሪፒት» ማለት «ያንኑ ተኩስ ድገም» ማለት ነውና «ሴይ አጌይን» ይላሉ።

ታዲያ ምን መረጥን? እ.ኤ.አ. በ1996 የተፈቀደውና ፈቃድ የማይጠይቀው የቤተሰብ ሬዲዮ፣ ኤፍ.አር.ኤስ. የሚባለው፣ ጉልበቱ ለርቀታችን አያንስም። ችግሩ አንቴናው የማይነቀል መሆኑና መስመሩን ሕዝብ ሁሉ የሚጋራው መሆኑ ነው። አውሮፓ ላላችሁም ያለ ፈቃድ የሚሠራው ግማሽ ዋቱ ፒ.ኤም.አር. 446 ያው ጠባይ አለው። እኛ ወደ ሙርስ ዞርን፤ አምስት ቻናል፣ ሁለት ዋት፣ ይህም ያለ ፈቃድ። ተጠቃሚው ጥቂት ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን የውጭ አንቴና ማቆም ይፈቅዳል። ሬዲዮ የሚከብደው ርቀቱ ሳይሆን የአፈር ግድቡ ነውና አንቴናውን ከጉድጓዱ ጎን፣ ጥይት ከማይደርስበት ቦታ፣ በእንጨት ላይ ከፍ አድርገን ሰቀልነው። ኮዱን አጠፋሁ፤ ባትሪ ቆጣቢውንም። በድምፅ ራሱን የሚያበራውን ዘዴ አንዳንዶች ወደውት ነበር፤ እምቢ አልኩ፤ ጠብመንጃው በጮኸ ቁጥር ሬዲዮው የሚናገረው እሱን ነው። በኤፍ.ኤም. ደግሞ ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ከተናገረ ጉልበት ያለው ብቻ ይሰማል፣ ደካማው ይዋጣል፤ በስብሰባዎቻችን እንደምናየው ማለት ነው። ስለዚህ ሬዲዮ የሚነካው በየጫፉ አንድ ሰው ብቻ ሆነ።

ንግግሩንም ቀየርን። «ኖት» የምትባል ቃል ከሜዳው ተባረረች። ሰው ካለ «ሰው አለ» ይባላል እንጂ «ነጻ አይደለም» አይባልም። ማንኛውም መልእክት በጠሪው ስም ሁለት ጊዜ ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ቢቆረጥ ሁለተኛው ይተርፋል። ሰሚው የሰማውን መልሶ እስኪናገር ድረስ ማንም ጠብመንጃ አይነካም።

ባለፈው ወር አንድ አዲስ አባል፣ ይህን ያህል ጥሩ ሬዲዮ ካለን ቀይዋ ባንዲራ ለምን አትነሳም ብሎ በኮሚቴው ጠየቀ። የመስመሩ ኃላፊ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ያን ወጣት ያተረፈችው እሷ ናት ብዬ ነገርኩት። ባንዲራዋ ያለችበት ቦታ ቀረች።