የጅብ ጥላ፦ ከዕፅዋት መዝገብ ውጭ የቀረው እንጉዳይ

ቦርከና ስለሚያጠጣው የጨፋ ሸለቆ ሲወራ ረግረጉና ግጦሹ ይነሣል፤ እኔ ግን ክረምት ሲገባ ብቅ ስለሚለው እንጉዳይ እናገራለሁ።

ጀርመናዊው ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ አገራችን ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1878 እስኪሞት ድረስ ዕፅዋት ሰበሰበ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብም እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 በ8 ቅጾች ተፈጸመ። እንጉዳይ አልተካተተበትም፤ እንጉዳይ ዕፅ አይደለምና አዘጋጆቹ አይወቀሱም።

በእኔ ግምት ሌላም ምክንያት አለ። ቅጠል በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ይደርቃል፤ እንጉዳይ ግን ቀለሙንና ቅርጹን ፈጥኖ ያጣል። ሰብሳቢው ሽታውንና የበቀለበትን ቦታ እዚያው መጻፍ፣ ባርኔጣውን ወረቀት ላይ አሳድሮም የሚረግፈውን ዱቄት ቀለም ማየት አለበት። በበቅሎ ለሚጓዝ ሰው ይህ ከባድ ነበር።

ስለዚህ ለብዙዎቻችን የቀረልን የአፍ ስም ነው። «የጅብ ጥላ» ስንል ግን የሚበላውን ከሚገድለው አንለይም፤ የአንዳንዱ መርዝ ደግሞ በመቀቀል አይጠፋም፣ ሕመሙም ከብዙ ሰዓት በኋላ ይጀምራል። በጨፋ የሚደረግ ቆጠራ የከሚሴን ኦሮምኛና አማርኛ ተናጋሪ እረኞች፣ የሾንቄንም አርጎብኛ ተናጋሪዎች አስቀድሞ ይጠይቅ። ናሙናው አዲስ አበባ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ሲላክም የነገሩን ስሞች አብረው ይጻፉ።