የቅርስና የሕዝባዊ ታሪክ ጥናት በወላይታ

የቅርስና የሕዝባዊ ታሪክ ጥናት በወላይታ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በወላይታ ዞን የሚገኙ ቅርሶችን፣ የቃል ትውፊቶችንና የታሪክ ሰነዶችን የሚመለከት የዩኒቨርሲቲ ትምህርትና የምርምር መስክ ነው። የዞኑ ዋና ከተማ ወላይታ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የምትገኝ ሲሆን፣ ክልሉ በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ናት።

ወላይታ እስከ 1887 ዓ.ም. ድረስ «ካዎ» በሚባሉ የራሱ ነገሥታት የሚተዳደር መንግሥት ነበር። የዚህ መንግሥት ታሪክ ቀድሞ በጽሑፍ የሰፈረው በአብዛኛው ከውጭ በመጡ ሰዎችና በድል አድራጊው ወገን ሲሆን፣ የአገሬው ሰው ደግሞ በቃል፣ በጎሳ ትውልድ ቆጠራ፣ በበዓልና በቦታ ስም ይዞ አቆይቶታል። በመሆኑም በወላይታ ታሪክን ማጥናት መጽሐፍ ከማንበብ ባሻገር ቃልን መቅዳትና ቦታን መጠበቅን ይጠይቃል።

ትርጉም

ቅርስ ማለት ካለፈው ትውልድ የተወረሰና ለሚመጣው ሊተላለፍ የሚገባው ነገር ነው። በኢትዮጵያ ሕግ ቅርስ የሚዳሰስና የማይዳሰስ ተብሎ ይከፈላል። የሚዳሰሰው እንደገና የማይንቀሳቀስ (ሕንፃ፣ ካብ፣ ዋሻ፣ መቃብር) እና የሚንቀሳቀስ (የድንጋይ መሣሪያ፣ ብራና፣ የቤት ዕቃ) ይባላል። የማይዳሰሰው በዓልን፣ ዘፈንን፣ የእጅ ሙያን፣ የዕርቅ ሥርዓትንና የመሳሰሉትን ያጠቃልላል።

ሕዝባዊ ታሪክ የሚባለው ደግሞ ከመማሪያ ክፍልና ከምሁራን መጽሔት ውጭ ለሕዝብ የሚቀርብ፣ ብዙ ጊዜም ከሕዝብ ጋር የሚሠራ ታሪክ ነው። ሙዚየም፣ ሐውልት፣ የመታሰቢያ በዓል፣ የሬዲዮ ዝግጅት፣ የቱሪስት አስጎብኚ ገለጻና የቤተ መዛግብት ሥራ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። መስኩ በዚህ ስም በዩኒቨርሲቲ ደረጃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ሲሆን፣ ፕሮግራሙን ከመሠረቱት አንዱ የታሪክ ምሁሩ ሮበርት ኬሊ ነበር።

ትምህርቱ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የታሪክ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሥር የሰደደው በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅነት የተከፈተ ሲሆን፣ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተቋቋመለት። የተቋሙ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። በስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የተቋሙ ሙዚየም ለቅርስ ተማሪዎች እስከ ዛሬ ዋና የልምምድ ቦታ ነው። የተቋሙ ቤተ መጻሕፍት የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፎችም ያስቀምጣል። ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች በአገር ልጆች ከተጻፉት ጥናቶች ብዙዎቹ በዚህ መልክ ተዘጋጅተው በመጽሐፍ ሳይታተሙ የቀሩ ናቸው።

ከ1990ዎቹ ወዲህ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ሲከፈቱ ታሪክን ከቅርስ አስተዳደር ጋር ያጣመረ ትምህርት ተስፋፋ፤ ጎንደርና ዲላ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ከሶዶ ሌላ በዳውሮ ታርጫም ካምፓስ አለው። ስለዚህ በሁለት የቀድሞ ነገሥታት አገር ላይ የተቀመጠ ተቋም ነው።

በዚያው ዘመን አካባቢ የወጣው የ70 በ30 ምደባ ከተማሪዎች 70 በመቶው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው የማኅበራዊ ሳይንስ እንዲያጠኑ የሚያደርግ ነበር። ታሪክና ቅርስ ከሌሎች ብዙ ትምህርቶች ጋር በዚህ 30 በመቶ ውስጥ መካፈል ነበረባቸው። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሥርዓት ሲመለስ «የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ» የጋራ ኮርስ ሆኖ ተካተተ፤ የማስተማሪያ ሞጁሉ ይዘትም ማን ተካተተ፣ ማን ተተወ የሚል ክርክር አስነሥቷል።

ዋና ዋና የጥናት ቦታዎችና ቅርሶች

ሞቼና ቦራጎ፦ በዳሞታ ተራራ ምዕራባዊ ተዳፋት፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ሰፊ የዋሻ መጠለያ ነው። መጀመሪያ የፈረንሳይ ቡድን ቆፍሮታል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ብራንት የተመራ ዓለም አቀፍ ቡድን አጥንቶታል። ከታችኞቹ ንብርብሮች የተገኙት የባልጩት መሣሪያዎች እስከ 50,000 ዓመት ገደማና ከዚያም በላይ ዕድሜ አላቸው። የዓለም የአየር ንብረት በቀዘቀዘበትና ብዙ ቆላ በደረቀበት ዘመን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ለሰው ልጅ መሸሸጊያ ሆኖ ይሆን? የሚለው ጥያቄ በዚህ ቦታ ላይ ከሚፈተኑት ዋነኛው ነው። ዋሻው ከሶዶ ቅርብ በመሆኑ ተማሪ የአፈር ንብርብርን ከሥዕል ሳይሆን በዓይኑ ማየት ይችላል።

ኬላዎች፦ በወላይታ የካዎ አማዶ ኬላና የኢጃጆ ኬላ በመባል የሚታወቁ የመከላከያ ካቦች አሉ። ከኦሞ ወንዝ ማዶ በዳውሮ ያለው የንጉሥ ሃላላ ካብ (ሃላላ ኬላ) የዚሁ ዓይነት ሥራ ሲሆን፣ በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት በአቅራቢያው የቱሪስት ማረፊያ ከተሠራ በኋላ ስሙ በአገር ደረጃ ታውቋል። ድንጋዩ ያለ ማያያዣ የተደረደረ ካብ ከእርሻና ከቤት ሥራ አጠገብ ሲሆን በቀላሉ ይፈርሳል፤ ድንጋዩ ለግንባታ ይወሰዳልና። ስለዚህ ካብን መለካት፣ በካርታ ማስፈርና ፎቶ ማንሣት የቅርስ ምዝገባ ተማሪ ከሚማራቸው የመጀመሪያ ሥራዎች ውስጥ ነው።

ጊፋታ፦ የወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል ሲሆን፣ በመስከረም 14 እና 20 መካከል በሚውል እሑድ ይከበራል። ባለፈው ዓመት የተጣሉ ከመታረቃቸው በፊት ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር እንደሌለባቸው የሚታሰብ በመሆኑ ዕርቅ የበዓሉ አካል ነው። ለበዓሉ ከብት ይታረዳል፤ ከእንሰት የሚሠሩ ምግቦችም በቅቤ ይቀርባሉ። ኢትዮጵያ የማይዳሰስ ቅርስ ስምምነትን ያጸደቀችው በ1998 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ መስቀል (2006)፣ የሲዳማ ፊቼ ጨምበላላ (2008)፣ የገዳ ሥርዓት (2009)፣ ጥምቀት (2012) እና የሐረሩ ሹዋሊድ (2016) በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ለእንዲህ ያለ ምዝገባ የሚያስፈልገው ሰነድ የባለቤቱ ማኅበረሰብ ተሳትፎና ፈቃድ እንዲረጋገጥበት ይጠይቃል፤ ስለዚህ በዓልን ማጥናት ከበዓሉ ሰዎች ጋር ሆኖ መጻፍ ነው።

የ1887 ዓ.ም. ዘመቻ እንደ ጥናት ምሳሌ

ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው በመሩት የ1887 ዓ.ም. ዘመቻ ወላይታ ድል ሆነ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና ጋጋም ተማረኩ። ይህ ክስተት ሦስት ዓይነት ምንጮች አሉት።

የመጀመሪያው የጸሐፊ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል ሲሆን፣ ነገሩን ከቤተ መንግሥቱ ወገን ይተርካል። ሁለተኛው ከሠራዊቱ ጋር የተጓዘው የፈረንሳዩ ነጋዴ ቫንደርሃይም እ.ኤ.አ. በ1896 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። እርሱ ያየውን ብዙ ግድያ፣ ምርኮና የከብት ዘረፋ ጽፏል፤ ይሁን እንጂ አገሩን የማያውቅ፣ ቋንቋውን የማይሰማና ከዘማቹ ሠፈር ሆኖ የሚያይ ሰው ነበር። ሦስተኛው በወላይታ ቤተሰቦች ውስጥ የሚነገረው የቃል ታሪክ ሲሆን፣ የሞቱትን በስም፣ የተበተኑትን በጎሳ ያስታውሳል።

የታሪክ ተማሪ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የት ይስማማሉ፣ የት ይለያያሉ፣ እያንዳንዱስ ለማን ተነገረ ብሎ ይጠይቃል። የሙዚየም ወይም የሐውልት ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው ደግሞ ያንኑ ሁሉ በጥቂት መስመር መጻፍ አለበት። «ማቅናት»፣ «ወረራ» ወይም «ዘመቻ» የሚለው የቃል ምርጫ ብቻውን አቋም ይሆናል። በዚህ ጊዜ ላይ ከተጻፉት ጥናቶች የፀሐይ ብርሃነ ሥላሴ ጽሑፎችና ሬሞ ኪያቲ እ.ኤ.አ. በ1984 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ስለ ወላይታ ንግሥና ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት ይጠቀሳሉ።

ሰነዶችና የስም ለውጥ

ወላይታን በቤተ መዛግብት የሚፈልግ ሰው ቀድሞ ስሞቹን ማወቅ አለበት። እስከ 1966 ዓ.ም. አብዮት ድረስ በመንግሥት ደብዳቤዎች አገሩ «ወላሞ» ይባል ነበር። ሕዝቡ ራሱን የማይጠራበትና እንደ ስድብ የሚቆጥረው ስም በመሆኑ በኋላ ቀርቷል። በካታሎግ «ወላይታ» ብሎ ብቻ የሚፈልግ ግን የቀድሞዎቹን ሰነዶች አያገኝም።

ሁለተኛው ችግር የአስተዳደር ወሰን መለዋወጡ ነው። ወላሞ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ ነበር፤ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ መጀመሪያ ይርጋለም፣ በኋላ አዋሳ ሆነ። ከዚያ ወላይታ መቀመጫው አርባ ምንጭ በነበረው ሰሜን ኦሞ ውስጥ ገባ። በ1993 ዓ.ም. የራሱ ዞን ሆነ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ወደ አዲሱ ክልል ተሻገረ። መዝገቦቹም በእነዚህ ከተሞችና በአዲስ አበባ ባለው ወመዘክር ተበትነው ይገኛሉ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሶዶ የገቡት የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን ደብዳቤዎችና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ባንክ ድጋፍ በሶዶ የተቋቋመው የወላሞ እርሻ ልማት ድርጅት (ዋዱ) ዘገባዎች ለቅርቡ ዘመን ታሪክ ጠቃሚ ምንጮች ናቸው።

ዞኑ የተፈጠረበት ታሪክ ራሱ የሕዝባዊ ታሪክ ርዕስ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎችን ቀላቅሎ በተዘጋጀው «ወጋጎዳ» የተጻፉ መማሪያ መጻሕፍት ለትምህርት ቤቶች ሲሰጡ በሶዶ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጻሕፍቱ ተነሡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ወላይታ ዞን ሆነ። የተቃውሞው ተማሪዎችና መምህራን ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት ስላሉ ታሪኩን ከራሳቸው አንደበት መቅዳት ይቻላል።

የቃል ታሪክ አሰባሰብ

የቃል ትውፊትን እንደ ታሪክ ምንጭ የመመርመር ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመው የቤልጂጉ ምሁር ዣን ቫንሲና መጽሐፍ መሠረት ያዘ። በወላይታ ሲሠራበት ጥቂት ልዩ ነገሮች አሉት። የወላይታ ጎሳዎች ማላና ዶጋላ ተብለው በሁለት ይከፈላሉ፤ ስለዚህ ተናጋሪው የየትኛው ወገን እንደሆነ ሳይመዘገብ ትረካውን መመዘን አይቻልም። የነገሥታት ዝርዝርም ከተናጋሪ ተናጋሪ ይለያያል፤ ተማሪው አንዱን «ትክክለኛ» ብሎ ከመምረጥ ይልቅ ሁሉንም ይመዘግባል።

ቃለ መጠይቁ በወላይትኛ ሲካሄድ ቅጂው በቅድሚያ በዚያው ቋንቋ፣ ዛሬ በሚጻፍበት በላቲን ፊደል፣ መጻፍ ይኖርበታል። በቀጥታ ወደ አማርኛ ወይም ወደ እንግሊዝኛ ከተገለበጠ የማዕረግ፣ የዝምድናና የመሬት ስሞች ይጠፋሉ። የተናጋሪው ፈቃድ፣ ዕድሜ፣ ቦታና ቀን ከድምፁ ጋር አብረው መቀመጥ አለባቸው፤ እነዚህ የሌሉት ቅጂ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምንጭ መሆኑ ይቀራል።

የማን ቅርስ?

በወላይታ እንደ ብዙ የደቡብ አካባቢዎች ሁሉ ሸክላ ሠሪዎች (ጭናሻ)፣ ቀጥቃጮችና ቆዳ ፋቂዎች ለረጅም ጊዜ ከሌላው ሕዝብ ተለይተው፣ በጋብቻና በማዕድ ተገልለው ኖረዋል። ሥራቸው ግን ቅርስ ተብሎ በሙዚየም ይታያል። ማሰሮው የክብር ቦታ አግኝቶ ሠሪዋ ስሟ ሳይጻፍ ከቀረ ሙዚየሙ የቀድሞውን መገለል ይደግማል። በአጎራባቹ ጋሞ ከቆዳ ፋቂዎች ጋር የሠራችው አርኪዮሎጂስት ካትሪን አርተር የድንጋይ መፋቂያ አሠራር እስከ ቅርብ ጊዜ የቀጠለ ከፍተኛ ሙያ መሆኑን አሳይታለች። የጥንቱን የባልጩት መሣሪያ ለመረዳት ይህ ሕያው ሙያ ከፍተኛ ዋጋ አለው።

ሕግና የወደፊት ሁኔታ

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ማድረግ ክልክል ነው፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ አለበት። ሕጉን በአገር ደረጃ የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ሲሆን፣ በዞንና በወረዳ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ምዝገባና ክትትል ያደርጋሉ።

ተመራቂዎች በአብዛኛው በመምህርነት፣ በባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ በሙዚየምና በአስጎብኚነት ይሠራሉ። ሶዶ የክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ግንባታው እየሰፋ ነው። የቀድሞውን ዘመን በልጅነታቸው ከአያቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎችም በየዓመቱ ያልፋሉ። ካብ ተለክቶ ከተመዘገበ ቢፈርስም መረጃው ይቀራል፤ ያልተቀዳ ቃል ግን ከተናጋሪው ጋር ይቀበራል። ስለዚህ በወላይታ የቃል ቅጂ ሥራ ከሌሎቹ የቅርስ ሥራዎች ሁሉ ቅድሚያ የሚሰጠው ነው።